ሴቭ ከማለቴ በፊት

ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ቤት ቁጭ ብዬ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ደሴ ያለውን የቅርንጫፍ ራውተር፣ ቅርንጫፉን ከሌላው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ ከሩቅ በሚያስገባው በኤስኤስኤች ገብቼ እያስተካከልኩ ነበር። ሥራው ከባድ አልነበረም፣ ከውጭ የሚመጣውን ትራፊክ የሚያጣራ አክሰስ ሊስት ጽፎ ዋናው ኢንተርፌስ ላይ፣ ማለትም ገመዱ የሚገባበት በር ላይ፣ ማሰር ነው። ጻፍኩት፣ አንዴ አነበብኩት፣ ኢንተርፌሱ ውስጥ ገባሁ፣ "አይፒ አክሰስ ግሩፕ" ብዬ የሊስቱን ስምና "ኢን" የምትለዋን ጨምሬ ኢንተር መታሁ። ከዛ በኋላ ምንም የለም። ከርሰሩ ባለበት ቆመ። ኢንተር ብል መልስ የለም፣ ስፔስ ብል የለም፣ ሌላ መስኮት ከፍቼ አለህ ወይ ብዬ ፒንግ ስል "ሪኩዌስት ታይምድ አውት"፣ ደግሜ ስል አሁንም "ሪኩዌስት ታይምድ አውት"። ክው አልኩ።

ምን እንዳደረግኩ ወዲያው ነው የገባኝ። አክሰስ ሊስት መጨረሻው ላይ የማይታይ አንድ መስመር አለው፣ ማንም ባይጽፈውም እዛ አለ፣ "በስም ያልተፈቀደ ሁሉ አይለፍ" የሚል። እኔ ደግሞ የፈቀድኳቸውን ስደረድር ራሴ የምገባበትን አድራሻ አላስገባሁም። ራውተሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው፣ ከሁሉ ቀድሞ እኔን አስወጣኝ፣ ከኔ ጋር ቅርንጫፉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚገናኝበትንም ዘጋው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቅርንጫፉ ይከፈታል፣ ሰው ይሰለፋል፣ ካሸሮቹ ሲስተም ይከፍታሉ። ከአዲስ አበባ ደሴ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በለሊት ተነስቼ እንኳን ብነዳ ከሰዓት በፊት አልደርስም።

አንድ ነገር ግን ነበረኝ። ሴቭ አላደረግኩም።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጋ ደውዬ ፈቃድ ጠየቅኩና ቀጥሎ ጥበቃው ጋ ደወልኩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ እኔ አባባ ነው የምላቸው።

"አባባ እንደምን አመሹ፣ ከአዲስ አበባ ነው፣ የኔትወርኳ ልጅ ነኝ።"

"አወቅኩሽ ልጄ። በሰላም ነው በዚህ ሰዓት?"

"በሰላም ነው አባባ፣ ላስቸግርዎት ነው። የማሽኖቹ ክፍል ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው አይደል?"

"እኔ ጋ ነው። ግን ውስጥ ያለውን እንዳትነካ ተብያለሁ።"

"ልክ ነው አባባ፣ ዛሬ ግን እንዲነኩልኝ ነው የምለምንዎት። ሥራ አስኪያጁም ያውቃሉ፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው።"

የበሩ ቁልፍ ሲዞር በስልኩ ሰማሁት፣ ከዛ የማሽኖቹ የፋን ድምፅ መጣ። ከላይ ሁለተኛዋን ሳጥን ይፈልጉልኝ አልኳቸው፣ አገኟት። ከጀርባዋ ጥቁር ገመድ አለ አልኳቸው። "እዚህማ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው ልጄ" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ያን ክፍል ገመድ ላይ ምልክት ሳላደርግ ትቼው የመጣሁት እኔ ነኝ። ከሳጥኗ ጀርባ ይጀምሩና በእጅዎ እየዳሰሱ ሶኬቱ ጋ እስኪደርሱ ይከተሉት አልኳቸው። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ የእጅ ባትሪያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነው መሰለኝ ንግግራቸው ተለወጠ። ከዛ "ይሄ ነው፣ ልንቀለው?" አሉ። ይንቀሉት አልኩ። አንዱ ፋን ዝም አለ። "እስከ 20 ይቁጠሩና መልሰው ይሰኩልኝ" አልኳቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀስ ብለው ቆጠሩ፣ እኔም አብሬያቸው በሆዴ ቆጠርኩ።

ከተሰካ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ምንም አልነበረም፣ ያ ሞዴል ሲነሳ ጊዜ ይወስዳል፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ከፍላሽ አንስቶ ዘርግቶ ኮንፊጉን፣ የሚሠራበትን የትዕዛዝ ዝርዝር፣ አንብቦ ኢንተርፌሶቹን እስኪያነሳ። የፒንጉን መስኮት እያየሁ ነው። "ታይምድ አውት"፣ "ታይምድ አውት"፣ ከዛ "ሪፕላይ ፍሮም"። እናቴ ከጎኔ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፣ ጮክ ብዬ "ተመስገን" ስል ብድግ አለች።

"መጣ?" አሉኝ አባባ።

"መጣ አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ለምን እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ጽሑፉን የጀመርኩትም ለሱ ነው፣ ሥራውን የምታውቁት ትንሽ ታገሱኝ። ራውተር ውስጥ ሁለት ኮንፊግ ነው ያለው። አንደኛው ራኒንግ ኮንፊግ ይባላል፣ አሁን በዚህች ደቂቃ እየሠራ ያለው ነው፣ የሚኖረው ራም ላይ ነው፣ ራም ደግሞ መብራት ሲሄድ የያዘውን ሁሉ ይለቃል። ሁለተኛው ስታርታፕ ኮንፊግ ነው፣ ኤንቪራም የሚባል መብራት ቢጠፋም የማይረሳ ሜሞሪ ላይ የተቀመጠ፣ ራውተሩ በተነሳ ቁጥር አንብቦ ሥራ የሚጀምረው ከሱ ነው። አንደኛ ደረጃ ስንማር መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፣ ክፍሉ ሁሉ እሱን እያየ ይሠራል፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ተረኛው ዳስተር ይዞ ይነሳና ያጠፋዋል፣ ማርካችን ግን ሮስተር ላይ በእስክሪብቶ ነው የሚሰፍረው። ራኒንግ ሰሌዳው ነው፣ ስታርታፕ ሮስተሩ ነው። አባባ ደሴ ላይ ገመዱን ሲነቅሉ ሰሌዳውን አጠፉልኝ፣ ራውተሩ ሲመለስ ሮስተሩን ነው ያነበበው፣ እዛ ውስጥ ደግሞ የኔ የተሳሳተ አክሰስ ሊስት አልነበረም።

ያቺን ማታ የተሳሳተው ሊስት "ራይት ሜሞሪ" በሚለው የሴቭ ትዕዛዝ ስታርታፕ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አባባ መቶ ጊዜ ቢነቅሉት ራውተሩ መቶ ጊዜ ስህተቴን ይዞ ይነሳ ነበር።

እንደዚህ የምለው ግን ሴቭ አለማድረግን ለማመስገን አይደለም፣ ምክንያቱም በሌላኛው በኩልም ተመትቻለሁ፣ እሱ የባሰ ነበር። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ሌላ መሥሪያ ቤት። ሁለት ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ገብተን አሮጌውን ራውተር አንስተን አዲስ ተከልን፣ ኔትወርኩን በቪላን፣ አንዱን ኔትወርክ እንደ ብዙ በሚያደርገው ክፍፍል፣ ከፋፈልነው፣ ለፋይናንስ ለብቻ፣ ለካሜራዎቹ ለብቻ፣ ለእንግዳ ዋይፋይ ለብቻ፣ ለእያንዳንዱ ሳብ ኢንተርፌስ (የኢንተርፌሱ ንዑስ ክፍል) ከፍተን አይፒ አድራሻ ሰጠን፣ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ፣ ወደ ውጭ ሲወጣ አድራሻ የሚቀይረውን ናት፣ መንገድ የሚያሳዩትን ሩቶች አስገባን። ሠራ። አለቃዬ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፣ እኔም ቤቴ ሄድኩ። ያኔ የሚሠራ ነገር ያለቀ ነገር ነው የሚመስለኝ። ትምህርት ቤት ፓኬት ትሬሰር በሚባለው የኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራም ላይ ስንለማመድ ፒንጉ አረንጓዴ ከሆነ ማርኩ ሙሉ ነው፣ መብራት የሚያጠፋብን ማንም አልነበረም።

በ17ኛው ቀን ለሊት መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ ባትሪው አርጅቶ ስለነበር የያዘው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ጄነሬተሩን ደግሞ ለሊት የሚያስነሳው ሰው የለም። ጠዋት ስገባ ሁሉም ሰው እኔን እያየ ነው። ላፕቶፔን ከራውተሩ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘውን ኮንሶል ኬብሌን ሰክቼ፣ ያቺን ጠፍጣፋ ሰማያዊ ገመድ፣ ፑቲ የሚባለው ፕሮግራም ላይ ፍጥነቱን 9600 አድርጌ ስከፍት ስክሪኑ ላይ የጠበቀኝ ከካርቶን ገና የወጣ ራውተር የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፣ ኢኒሽያል ኮንፊጉሬሽን ዳያሎግ ውስጥ መግባት ትፈልጋለህ ወይ፣ የስ ወይስ ኖ። 17 ቀን ሙሉ ያ ሁሉ ሰው ሲሠራበት የነበረ መሣሪያ አንድም ነገር አያስታውስም። የሁለት ቅዳሜው ሥራ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነበር የተጻፈው።

ባክአፕ አልነበረኝም። አንዳንዱ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አለ፣ አንዳንዱ ጭንቅላቴ ውስጥ፣ አንዳንዱ የትም። ኮምፒውተሮቹ የሚሰኩባቸውን ስዊቾች እየከፈትኩ የትኛው ፖርት የትኛው ቪላን ላይ እንደሆነ ከነሱ እያነበብኩ ራውተሩን እንደገና ጻፍኩት፣ ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ። አሁንም ድረስ የማልረሳው ግን ስድስቱን ሰዓት አይደለም። ከመስታወቱ ወዲያ ወረፋ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አየኋቸው፣ ከዛ ቀና ስል የሉም። ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ የመንገድ አቧራ ነበር። የአንድ ትዕዛዝ ጉዳይ ነበር እኮ። ሁለተኛው ቅዳሜ ማታ ከመውጣቴ በፊት "ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርታፕ ኮንፊግ" ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ የፋይሉን ስም ሲጠይቀኝ ኢንተር ብል፣ "ቢልዲንግ ኮንፊጉሬሽን" ብሎ በቅንፍ ውስጥ "ኦኬ" ቢለኝ፣ ጥቂት ሰከንድ ነው፣ እኚህ አባት ጉዳያቸውን ጨርሰው በጠዋት ይሄዱ ነበር።

ከዛ ቀን በኋላ ምን ሆንኩ መሰላችሁ፣ በየደቂቃው ሴቭ የምል ሰው ሆንኩ። አንድ መስመር ጽፌ ሴቭ፣ ሌላ መስመር ጽፌ ሴቭ። ጣቴ ሳላዘው ነው የሚሄደው፣ "ደብልዩ አር" እና ኢንተር። የራይት ሜሞሪ ማሳጠሪያ ናት፣ ራይት ሜሞሪ የድሮው አጠራር ነው፣ ኮፒ የሚለው በኋላ የመጣ ነው፣ ግን ሁላችንም አጭሯን እንወዳታለን። ይሄ ልማድ ትክክል እንዳልሆነ ያስተማረኝ የሥራ ባልደረባዬ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ከሥራ የለቀቀ ሰው የራውተሩን ፓስወርድ ለማንም ሳያስረክብ ሄዶ ነበር፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ስንት ቦታ እንዳለ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መፍትሔው የታወቀ ነው፣ ኮንሶል ሰክተህ ራውተሩን አጥፍተህ ስታበራው ብሬክ የሚባለውን የማቋረጫ ምልክት ትልክበታለህ፣ ሮምሞን የሚባለው ዋናው ሲስተም ከመነሳቱ በፊት ያለ ትንሽ ሲስተም ውስጥ ትገባለህ፣ ኮንፊግ ሬጂስተር የሚባለውን ቁጥር ከተለመደው 2102 ወደ 2142 ትቀይረዋለህ፣ ያኔ ራውተሩ ሲነሳ ስታርታፕ ኮንፊጉን ሳያነብ ያልፈዋል፣ ፓስወርድም አይጠይቅም፣ ባዶውን ነው የሚነሳው። ልብ በሉ፣ አሮጌው ኮንፊግ አልጠፋም፣ ኤንቪራም ላይ በሰላም ተቀምጧል፣ ራውተሩ ነው ያላየው። ቀጥሎ ማድረግ ያለብህ ስታርታፑን ወደ ራኒንግ ኮፒ ማድረግ ነው፣ ከዛ ፓስወርዱን ትቀይራለህ፣ የተዘጉ ኢንተርፌሶች ካሉ "ኖ ሻትዳውን" ትላቸዋለህ፣ ሬጂስተሩን ወደ 2102 ትመልሳለህ፣ ከሁሉ በኋላ ነው ሴቭ። ባልደረባዬ ባዶው ራውተር ውስጥ እንደገባ አዲስ ፓስወርድ ጻፈና ጣቱ እንደለመደው "ደብልዩ አር" አለ። ኦኬ አለው። ያ ኦኬ የስንት ዓመት ኮንፊግ ላይ ባዶ ወረቀት ለጠፈበት። ከጎኑ ቆሜ ነበር፣ ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ አልተነፈስንም።

ስለዚህ ሴቭ ማለት ለኔ አሁን ፊርማ ነው። ሰነድ ሳያነብ የሚፈርም ሰው አለ፣ አንብቦ ሳይፈርም የሚሄድ ሰውም አለ፣ ሁለቱም ሰው ያስለቅሳሉ። እስካሁን ያወራኋችሁ ራውተሮች ሲስኮ የሚባለው ካምፓኒ ናቸው፣ እንደነዚህ ዓይነት ራውተሮች ላይ አንድ ትዕዛዝ ጽፈህ ኢንተር ካልክ ያችኑ ቅጽበት ሥራ ላይ ይውላል፣ አፕላይ የሚባል በተን የለም፣ አብዛኛውን ጊዜ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅህም የለም። በኢንተርና በሴቭ መሃል ያለችው ጊዜ ብቻ ነች ያንተ። እሷን አክብሬ መጠቀም የጀመርኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

የኮማንድ ላይኑን አሠራር ሳስብ ሁሌም የሀበሻ ቤት ነው የሚመጣብኝ። መጀመሪያ ስትገባ ከራውተሩ ስም ቀጥሎ > ምልክት አለች፣ ግቢ ውስጥ ነህ ማለት ነው፣ ማየት የተፈቀደልህን ታያለህ፣ አትነካም። "ኢኔብል" ብለህ ፓስወርድ ስታስገባ ምልክቷ ወደ # ትቀየራለች፣ ሳሎን ገባህ፣ ሁሉን ታያለህ፣ ሪስታርት ማድረግም ትችላለህ። "ኮንፊገር ተርሚናል" ስትል፣ "ኮንፍ ቲ" ነው የምንላት፣ ጓዳ ገባህ፣ በቅንፍ ውስጥ ኮንፊግ የሚል ይጨመርልሃል፣ እዚህ የምትለው ሁሉ ቤቱን ይለውጣል። ከዛ ወደ አንዱ ኢንተርፌስ ስትገባ ቅንፉ ውስጥ ያለው ደግሞ ይቀየራል። አዲስ ልጅ ሳስተምር መጀመሪያ የምለው ነገር ቢኖር ትዕዛዙን ከመጻፍህ በፊት ምልክቷን እያት ነው፣ ግማሹ ስህተት የሚመጣው ሳሎን የሚባለውን ጓዳ፣ ጓዳ የሚባለውን ሳሎን ከመናገር ነው። ሳሎን ሆነህ አንድ ቃል አሳስተህ ብትጽፍ ራውተሩ የሌላ ኮምፒውተር ስም መስሎት 255.255.255.255 ላይ ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጥ ዲኤንኤስ ሲፈልግ ያቆይሃል፣ ስክሪኑ ደርቆ የሞተ ይመስልሃል። ኮንትሮል ሺፍት 6 ያስቆመዋል፣ ለዘለቄታው ደግሞ "ኖ አይፒ ዶሜይን ሉካፕ" ነው፣ እኔ አዲስ ራውተር ላይ ለራውተሩ ስም ከሚሰጠው ከሆስትኔም ቀጥሎ የማስገባው እሷን ነው።

አንዲት ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ለማየት ደግሞ ስዊች ላይ ያለውን ትራንክ፣ ብዙ ቪላን በአንድ ገመድ የሚያልፍበትን፣ ውሰዱ። ሁለት ስዊች መሃል ባለው ትራንክ ላይ ቪላን 10፣ 20 እና 30 እየሄዱ ነው እንበል፣ አሁን 40ን መጨመር ፈለግክ። "ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን አድ 40" ካልክ ተጨመረ። "አድ" የምትለዋን ረስተህ "አላውድ ቪላን 40" ካልክ ግን ጨምርልኝ አይደለም ያልከው፣ 40 ብቻ ይለፍ ነው ያልከው፣ ሌሎቹ ሦስቱ በዛችው ሰከንድ ተቆረጡ፣ ያንተ ኤስኤስኤች በአንዳቸው ላይ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አንተም አብረህ። አንዲት ቃል ናት። ስዊቹ ግን የተባለውን ነው የሰማው።

ሌሎቹ ካምፓኒዎች ይሄን ነገር በየራሳቸው መንገድ አስበውበታል፣ ሁሉንም እኩል አልወደውም። ሁዋዌ ላይ ሐሳቡ አንድ ነው፣ ቃላቱ ነው የሚለየው፣ ኮንፍ ቲ በማለት ፈንታ "ሲስተም ቪው" ትላለህ፣ ስሙን የያዘው ምልክት ወደ ካሬ ቅንፍ ይቀየራል፣ በ"ሾው" ቦታ "ዲስፕሌይ"፣ በ"ኖ" ቦታ "አንዱ" (ሻር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል)፣ መጨረሻ ላይ ወደ ውጭ ወጥተህ "ሴቭ" ስትል ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፣ "ዋይ" የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ አለብህ፣ አዎ ማለት ነው። ከሲስኮ የመጣ ሰው ሴቭ ብሎ መልሱን ሳይሰጥ መስኮቱን ዘግቶ ሲሄድ አይቻለሁ፣ ሴቭ አልሆነም ያ። ሚክሮቲክ ደግሞ ጭራሽ ሴቭ የሚባል ነገር የለውም፣ የጻፍከው ሁሉ ወዲያው ይቀመጣል፣ መብራት ቢጠፋ ስለማይረሳ ለኛ አገር ይመቻል የሚሉ አሉ፣ ግን ደሴ ላይ የደረሰብኝ በሚክሮቲክ ቢሆን ኖሮ የአባባ መንቀል ምንም አይጠቅመኝም ነበር። ለሱ ያለው መፍትሔ ሴፍ ሞድ ነው፣ ከመጀመርህ በፊት ኮንትሮል ኤክስ ትጫናለህ፣ መሃል ላይ ግንኙነቱ ከተቆረጠብህ የለወጥከውን ሁሉ ራሱ ይመልሰዋል። እባካችሁ ተጠቀሙበት፣ አብዛኛው ሰው መኖሩንም አያውቅም።

ልቤን የወሰደው ግን ጁኒፐር ነው፣ በልምምድ ብቻ ነው የማውቀው፣ ሥራ ላይ አላጋጠመኝም። እሱ ላይ የምትጽፈው ነገር በመጀመሪያ ረቂቅ ነው፣ ኢንተር ስላልክ ምንም አይለወጥም፣ ጽፈህ ስትጨርስ ከአሮጌው ጋር አስተያይተህ "ኮሚት" ስትል ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ከዛም የሚበልጠው "ኮሚት ኮንፈርምድ" የሚባለው ነው፣ ለውጡን ያስገባልሃል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተመልሰህ ካላጸናኸው ግን ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እስከ 49 የቀደሙ ኮንፊጎች ድረስ ወደኋላ ሮልባክ ማድረግ፣ ማለትም መመለስም፣ ይቻላል። ይሄን የሠራው ሰው እንደኔ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከርሰሩ የቆመበት ሰው መሆን አለበት፣ እንዲህ ለሰው የታሰበ ነገር ሌላ ቦታ ብዙም አላየሁም።

እኔ ሲስኮ ላይ ያንን የማገኘው በእጄ እየሠራሁ ነው። ከደሴው ማታ ጀምሮ የማላልፈው ሥርዓት አለኝ። ሩቅ ያለ ራውተር ከመንካቴ በፊት መጀመሪያ አሁን ያለው ደህና መሆኑን አይቼ ሴቭ አደርገዋለሁ። ከዛ "ሪሎድ ኢን 10" እለዋለሁ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራስህን ሪስታርት አድርግ ማለት ነው። ከዛ ነው ለውጡን የማስገባው። ከተቆለፈብኝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራውተሩ ይነሳና ሮስተሩን ያነባል፣ ማንንም ከእንቅልፉ አልቀሰቅስም። ከሠራ ደግሞ "ሪሎድ ካንስል" እላለሁ፣ ይቺን መርሳት የለም፣ አንድ ባልደረባችን ረስቶ ሥራ ሰዓት መሃል ላይ ራውተሩ ሄዶበታል፣ ስክሪኑ ላይ ሻትዳውን በአምስት ደቂቃ፣ በአንድ ደቂቃ እያለ ያስጠነቅቅ ነበር፣ እሱ ግን መስኮቱን ዘግቶ ሻይ ሊጠጣ ወርዷል። ካንስል ካልኩ በኋላም ወዲያው ሴቭ አልልም። ቅርንጫፉ ጋ ደውዬ ካሸሯ ሲስተሙን ከፍታ አንድ ደንበኛ እስክታስተናግድ፣ ፕሪንተሩ እስኪያወጣ እጠብቃለሁ። ፒንግ ሄደ ማለት ሥራ ሄደ ማለት አይደለም። እሷ "ይሠራል እህቴ" ስትለኝ ያኔ "ደብልዩ አር"። ያ መብራት ቢጠፋ የምሰጋባት ግማሽ ሰዓት ትኖራለች፣ አውቄ ነው የምወስዳት።

ሴቭ ካልኩ በኋላ ደግሞ ሾው ራን፣ ራኒንግ ኮንፊጉን አሳየኝ፣ ብዬ ሙሉውን ቴክስት ፋይል ላይ ገልብጬ ቀኑን ጽፌ አስቀምጣለሁ። ኮንፊግ ሲባል የሚከብድ ነገር ይመስላል እንጂ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ሰው ቁጭ ብሎ ከላይ እስከ ታች ሊያነበው የሚችል፣ የአንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ሕይወት በጥቂት ገጽ ይጠቃለላል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ፣ ማን የት እንዳይገባ እንደተከለከለ። ስለዚህ ደግሞ ጠብቁት። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "እዚህ ጋ ምን ተሳስቼ ነው" ብለው ሙሉ ኮንፊጋቸውን የሚለጥፉ ልጆች አያለሁ፣ ፓስወርዱ የተመሰጠረ ስለሚመስላቸው ነው። ሰርቪስ ፓስወርድ ኢንክሪፕሽን የሚያወጣው፣ ከፊቱ 7 ቁጥር ያለበት፣ በሰከንድ ነው የሚፈታው፣ ኢንተርኔት ላይ ለጥፈህ የምትፈታበት ሞልቷል፣ እሱ ትከሻህ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው እንዳይይዘው ነው እንጂ ለሌላ አልተሠራም። "ኢኔብል ሲክሬት" ተጠቀሙ፣ ስትለጥፉም ፓስወርዱንና ከውጭ የሚታየውን አይፒ አጥፍታችሁ ለጥፉ።

ከዛች ማታ ሦስት ሳምንት በኋላ ደሴ በአካል ሄድኩ። አባባ በር ላይ ናቸው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ተሳሳምን፣ እናቴ የላከችላቸውን አንድ ኪሎ ቡና ሰጠኋቸው። ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ገመዶቹን አንድ በአንድ ለይቼ ነጭ ፕላስተር እየጠቀለልኩ በአማርኛ ጻፍኩባቸው፣ ይሄ ራውተር፣ ይሄ ስዊች፣ ይሄ የካሜራው። እሳቸው ከበሩ አጠገብ ቆመው እያዩኝ ነው። ኮንሶሉን ሰክቼ አክሰስ ሊስቱን በትክክል ጻፍኩት፣ በዚህኛው የኔ አድራሻ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው፣ ካሸሮቹ ግማሽ ቀን ሠሩበት፣ ከሰዓት ላይ ተመልሼ "ደብልዩ አር" አልኩ። ኦኬ አለኝ።

"አሁን ጻፍሽው?" አሉኝ አባባ።

"ጻፍኩት አባባ።"

"እንግዲህ አሁን ብትነቀል አትረሳም ማለት ነው?"

ያን ማታ በስልክ እየጠበቅን ሳለ ስለ ሰሌዳውና ስለ ሮስተሩ ነግሬያቸው ነበር፣ ይዘውታል። ቅርንጫፉ እስኪዘጋ ቆየን። የመጨረሻው ደንበኛ ወጥቶ ካሸሮቹ ሂሳብ ዘግተው ሲሄዱ ከመደርደሪያው ጎን ዞር አልኩላቸውና ይንቀሉት አልኳቸው። ራውተር የሚለውን ፕላስተር በመነጽራቸው አነበቡት፣ ነቀሉት፣ ፋኑ ዝም አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እንደዛን ማታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እስከ 20 ቆጠሩ፣ ሰኩት፣ ከዛ ሁለታችንም መሬት ላይ ያለው የኬብል ካርቶን ላይ ቁጭ ብለን መብራቶቹን መጠበቅ ጀመርን።